ድጋፉ ምን ለወጠ? የንግድ ድጋፍ ኦዲት በሥነ ልክ ዓይን

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ የሽቦው ርዝመት 42 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ቢጽፍ፣ መምህሩ ወዲያውኑ ሁለት ጥያቄዎች ያቀርብለታል። በምን ለካኸው? የስሕተቱ መጠንስ ስንት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቁጥር በሳይንስ ዘንድ እንደ ልኬት አይቆጠርም። አንድ የአስተዳደር አካል ግን በበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ኢንተርፕራይዞች ተደግፈዋል፣ ይህን ያህል ሥራ አጦችም ሥራ አግኝተዋል ብሎ ሲያስታውቅ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኦዲት ማለት በመሠረቱ እነዚህኑ ጥያቄዎች በሕግ ሥልጣን መጠየቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአካባቢ መንግሥት ለአነስተኛ ንግድና ምርት የሚሰጠው ድጋፍ እንዴት እንደሚመረመር፣ ሥነ ልክና የይሆናልነት ስሌትም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳላቸው ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን፣ በተለይም መርካቶን ነው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ እየተባለ በየሸቀጡና በየሙያው ተከፋፍሎ አድጓል። ቦታ እጅግ ውድ በሆነበት በዚህ ሰፈር አንድ የመሸጫ ሼድ ወይም መጠነኛ የመነሻ ገንዘብ የአንድን ወጣት ኑሮ ሊለውጥ ይችላል። በዚያው ልክ፣ አንዱ የተረከበው ሼድ ሌላው ተመዝግቦ ሲጠብቀው የነበረ ሼድ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ለሚገባው ሰው ደረሰ ወይ፣ ከደረሰስ በኋላ ምን ለወጠ የሚለው ጉዳይ ከመዝገብ ቤት ሥራ ያለፈ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

የድጋፉ መልክ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባም በ1992 ዓ.ም. አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ድጋፉ ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ቆይቷል። የብድር አቅርቦት፣ ሥልጠና፣ የገበያ ትስስር እንዲሁም የማምረቻና የመሸጫ ሼድ በዝቅተኛ ኪራይ መስጠት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ደግሞ የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ10 ቢሊዮን ብር ተቋቁሟል። በዚያው ጊዜ ገደማ የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ተጠቃሚዎቹ ወደ ራሳቸው ሥራ እንዲሸጋገሩ የማይመለስ የመነሻ ገንዘብ የሚሰጥበት ክፍል አለው።

ለመርማሪው እነዚህ የድጋፍ ዓይነቶች አንድ አይደሉም። ብድር ዱካ ይተዋል፤ ተበዳሪው በየወሩ መክፈሉ ወይም አለመክፈሉ በመዝገብ ይታያል። የማይመለስ ገንዘብ ግን አንዴ ከወጣ በኋላ ከፊርማና ከደረሰኝ በቀር ምልክት ላይተው ይችላል። ከሁሉ የረቀቀው የሼድ ድጋፍ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ሼድ የገበያ ኪራይ በወር 10,000 ብር ቢሆንና ተጠቃሚው 1,000 ብር ቢከፍል፣ መንግሥት በዓመት 108,000 ብር ደግፎታል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ግን በየትኛውም የወጪ ሰነድ ላይ አይመዘገብም። ተጠቃሚው ሼዱን ለሦስተኛ ወገን ቢያከራየው ልዩነቱን ኪሱ ይከታል፤ የመንግሥት ሒሳብም አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ይዘጋል። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ኦዲት ይህን ከቶ አያገኘውም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ስለ ዋናው ኦዲተር ይደነግጋል። የአዲስ አበባ ከተማም የራሷ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አላት። የኦዲት ሥራ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። የፋይናንስና የሕጋዊነት ኦዲት ገንዘቡ በሕጉና በመመሪያው መሠረት መውጣቱን ያጣራል። የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ሥራው በቁጠባ፣ በብቃትና በውጤታማነት መከናወኑን ይመረምራል።

እኛ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን በሦስት ጥያቄዎች እናስቀምጠው። አንደኛ፣ ገንዘቡ እንደ ደንቡ ወጥቷል ወይ? ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ኢንተርፕራይዝ በመሬት ላይ አለ ወይ? ሦስተኛ፣ ድጋፉ ባይኖር ኖሮ የማይገኝ ለውጥ ተገኝቷል ወይ? የመጀመሪያው ሰነድ በማየት፣ ሁለተኛው በአካል በመሄድ ይመለሳል። ሦስተኛው ግን በማየትም በመሄድም ብቻ አይመለስም። የሙከራ አሠራር ይፈልጋል፤ ያም አሠራር ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መዘጋጀት አለበት።

ስንት ፋይል ይታይ?

በአንድ ክፍለ ከተማ 1,200 ኢንተርፕራይዞች ድጋፍ አግኝተዋል እንበል። ቁጥሩን የወሰድነው ለስሌት ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል 5 በመቶው፣ ማለትም 60ዎቹ፣ በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር የሉም እንበል። ኦዲተሩ 20 ፋይሎችን በዕጣ አውጥቶ ባለቤቶቹን በየቦታቸው ቢፈልግ፣ ከስድሳዎቹ አንዱም ሳያጋጥመው የመቅረቱ ይሆናልነት ምን ያህል ነው? አንድ ፋይል ትክክለኛ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 0.95 ነው። ሃያውም ትክክለኛ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 0.95 ሃያ ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይህም 0.36 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ኦዲተሩ ምንም ጉድለት ሳያገኝ ይመለሳል። ፋይሎቹ 60 ቢሆኑ ግን ይህ ዕድል ከ0.05 በታች ይወርዳል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ እናገኛለን። በዕጣ የወጡ 60 ፋይሎችን መርምሮ አንድም ጉድለት ያላገኘ ሰው ጉድለት የለም ብሎ መመስከር አይችልም። ሊል የሚችለው፣ ጉድለት ካለ ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ 95 በመቶ ያህል እርግጠኛ ነኝ ነው። ደንቡን ለማስታወስ ቀላል ነው፤ 3 ቁጥርን ለታዩት ፋይሎች ብዛት ማካፈል ይበቃል። 300 ፋይል ታይቶ ምንም ካልተገኘ ወሰኑ 1 በመቶ ነው።

የጉድለቱን መጠን በቁጥር ማስቀመጥ ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። በናሙና የሚገኝ የመቶኛ መጠን የስሕተት ወሰን፣ በሰፊው ሲገመት፣ 1 ለናሙናው ብዛት ዳግም ዘር ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 100 ቢታዩ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ነጥብ፣ 400 ቢታዩ 5 ነጥብ፣ 1,600 ቢታዩ 2.5 ነጥብ ይሆናል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ሥራውን በአራት እጥፍ ማሳደግ ግድ ነው። ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ጠቅላላው ሕዝብ 12,000 ሆነ 1,200,000 ውጤቱ እምብዛም አለመለወጡ ነው። ወሳኙ የናሙናው ብዛት ነው።

የትኛው ፋይል?

ብዛት ብቻውን ግን አያድንም። በእህል በረንዳ የቆየ ነጋዴ ከጆንያው አፍ እፍኝ ጤፍ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ከላይ የተነጠፈው ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ከመካከልም ከሥርም ያያል። ኦዲተርም በአስተናጋጆቹ ተመርጠው የቀረቡለትን ሞዴል ኢንተርፕራይዞች ብቻ ቢጎበኝ፣ ያየው የጆንያውን አፍ ነው።

በሥነ ልክ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንለያለን። አንዱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚዋዥቅ ነው፤ ልኬቱን ደጋግመን አማካዩን ስንወስድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ነው። በአንድ ኪሎ ላይ 50 ግራም አብልጦ የሚያሳይ ሚዛን ሺህ ጊዜ ብንመዝንበት ያንኑ 50 ግራም ያታልለናል። በአስጎብኚ የተመረጠ ናሙና እንዲህ ያለ ሚዛን ነው። መድኃኒቱ ዕጣ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ለመውጣት እኩል ዕድል ሊኖረው ይገባል።

ዕጣው የሚወጣበት ዝርዝርም ራሱ መመርመር አለበት። መርማሪው ዛሬ በሼዶቹ ውስጥ ካሉት ሰዎች ቢጀምር፣ ከስረው የወጡት ከቁጥሩ ይጠፋሉ፤ የቀሩት ሁሉ የተሳካላቸው ይመስላሉ። ስለዚህ መነሻው ገንዘቡ በወጣበትና ቁልፉ በተሰጠበት ቀን የነበረው ዝርዝር መሆን አለበት። የጠፉትን ፈልጎ የት እንደ ደረሱ ማወቅ አድካሚ ነው፤ እውነቱ ግን በአብዛኛው እዚያ ነው።

አሃዞች ሲመሰክሩ

መርማሪውን የሚረዳ አንድ አስደሳች የቁጥር ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይመን ኒውኮም የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጾች ከኋለኞቹ ይበልጥ ያረጁ መሆናቸውን አስተዋለ። በ1 የሚጀምሩ ቁጥሮች በ9 ከሚጀምሩት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈለጉ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የፊዚክስ ባለሙያው ፍራንክ ቤንፎርድ ይህንኑ በወንዞች ስፋት፣ በከተሞች ሕዝብ ብዛትና በሌሎች ብዙ ዝርዝሮች ላይ ፈትሾ አሳየ። በሕጉ መሠረት በ1 የሚጀምሩት 30.1 በመቶ፣ በ2 የሚጀምሩት 17.6 በመቶ፣ በ9 የሚጀምሩት 4.6 በመቶ ብቻ ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሚያድግ ሽያጭን እናስብ። ከ1,000 ብር ተነሥቶ 2,000 ብር ለመድረስ እጥፍ ማደግ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረጅም ጉዞ ሁሉ የመጀመሪያው አሃዝ 1 ነው። ከ9,000 ወደ 10,000 ለመድረስ ግን 11 በመቶ ያህል ማደግ ይበቃል። ሰው ቁጥር ከራሱ ሲፈጥር ይህን አያውቅምና ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች በተቀራራቢ መጠን ይበትናል። በዚህም ምክንያት ዘዴው በብዙ አገሮች ለሒሳብ ምርመራ አገልግሎት ላይ ውሏል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሕጉ የሚሠራው ቁጥሮቹ ከመቶዎች እስከ ሚሊዮኖች በሰፊው ሲሰራጩ ነው። በመመሪያ ጣሪያ የተወሰነ የብድር መጠን ወይም የተተመነ የሼድ ኪራይ ለዚህ ሕግ አይገዛም። በመርካቶ ያለ አነስተኛ ነጋዴም የወር ሽያጩን ሲጠየቅ 5,000 ወይም 10,000 ብሎ ማጠጋጋቱ መዝገብ አለመያዙን እንጂ ማጭበርበሩን አያመለክትም። ስለዚህ የአሃዝ ፈተና የት ጠለቅ ብለን እንመልከት የሚለውን ይጠቁማል እንጂ ማንንም አይወነጅልም።

ድጋፉ ባይኖርስ?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። አንዲት የልብስ ነጋዴ ድጋፍ ስታገኝ የወር ሽያጯ 20,000 ብር ነበር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 26,000 ብር ሆነ እንበል። 30 በመቶ እድገት ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ 30 በመቶ ንሮ ከሆነ የሸጠችው ዕቃ ብዛት ያው ነው። የመጀመሪያው መጠይቅ በክረምት፣ ሁለተኛው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሰሞን ተሞልቶ ከሆነም ልዩነቱ የወቅቱ እንጂ የድጋፉ አይደለም። ድጋፍ ያገኘችው ከመጀመሪያውም ታታሪ ስለነበረች ከሆነ ደግሞ፣ ያለ ድጋፍም ታድግ ነበር ማለት ይቻላል። ድጋፉ የሠራውን ለይተን ለማወቅ ያቺኑ ሴት ድጋፍ ሳታገኝ ማየት ነበረብን፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። የሚቻለው ተመሳሳይ ሁለት ቡድኖችን በዕጣ ለይቶ ማነጻጸር ነው።

በአገራችን ይህ ተሞክሯል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በዕጣ በሦስት መደቡ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሥራ ቅጥር፣ ሁለተኛው ወደ 300 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ የማይመለስ ገንዘብ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር አገኘ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም ሳያገኝ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሳይመን ፍራንክሊን የተጨመረበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ተከታታይ ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል መጥፋቱን አሳየ።

ይህ ውጤት ለኦዲት ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ተቀባዮቹም በአካል ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በሚገባ ተመልሰዋል። በአንደኛው ዓመት የመጣ መርማሪ ታላቅ ስኬት፣ በአምስተኛው ዓመት የመጣው ምንም ብሎ በጻፈ ነበር፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ልክ ናቸው። በመካከል የተገኘው ተጨማሪ ገቢ ለቤተሰቡ እውነተኛ ጥቅም ነበር። ዘላቂ ለውጥ ተገኝቷል የሚል ዘገባ ግን በአንደኛው ዓመት ልኬት ላይ ሊቆም አይችልም። በፊዚክስም እንዲሁ ነው፤ የሚዋዥቅን ነገር በአንድ ቅጽበት ለክቶ ስለ ጠባዩ መናገር አይቻልም።

ዕጣ፣ መለኪያም ዳኛም

ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ለማነጻጸሪያ መተው ጭካኔ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አመልካቾች ከሼዶቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲበልጡ ግን አብዛኞቹ ሳያገኙ መቅረታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የቀረው ጥያቄ የሚቀሩት እንዴት ይመረጡ የሚለው ብቻ ነው። መስፈርቱን እኩል ያሟሉ አመልካቾች ዕጣ ቢጣልባቸው ዕድሉ በትውውቅ አይወሰንም፤ ላላገኙትም እኩል ዕድል ነበራቸው። በተጨማሪም ያለ አንዳች ወጪ ትክክለኛ ማነጻጸሪያ ቡድን ይገኛል። በአዲስ አበባ የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ መለየታቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተመራማሪዎች በዚሁ ዕጣ ተመርኩዘው የፕሮግራሙን ውጤት ሊለኩ ችለዋል።

የወረዳ ዕጣ ሌላም ጥቅም አለው። በመርካቶ በአንድ ተራ ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሼድ ቢያገኝና የጎረቤቱን ደንበኞች ቢወስድ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ልዩነቱን ያጋንነዋል፤ አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነውና። ተራን ከተራ ወይም ወረዳን ከወረዳ ማነጻጸር ግን ይህን ስሕተት በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ዕጣው ራሱ ግን ኦዲት የሚደረግ መሆን አለበት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ ወደ ዕጣ ማውጫው ሥርዓት በገባው መረጃ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል በመባሉ በከተማው አስተዳደር ተሰርዟል፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የዕጣው ቀመር ትክክል ቢሆንም የሚገባበት ዝርዝር ከተበላሸ ውጤቱ የተበላሸ ነው።

መፍትሔው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አቅም የሚገባ ነው። በመጀመሪያ የአመልካቾች ዝርዝር ለሕዝብ ይለጠፋል፤ የፋይሉም ዲጂታል አሻራ ይታተማል። ይህ አሻራ ከፋይሉ በስሌት የሚገኝ አጭር የፊደልና የአሃዝ ሰንሰለት ሲሆን፣ በዝርዝሩ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ቀጥሎ የዕጣው ፕሮግራም ይፋ ይደረጋል። በመጨረሻም የፕሮግራሙ መነሻ ቁጥር በአደባባይ፣ ሁሉ እያየ፣ ቁጥር ከተጻፈባቸው ኳሶች ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ስሌቱን ደግሞ ያንኑ የባለዕድሎች ስም ዝርዝር ማግኘት ይችላል። ማንም ደግሞት ያው ውጤት የሚገኝ ከሆነ፣ ይህ በሳይንስ የምንፈልገው ማረጋገጫ ነው።

እንግዲህ አንድ ወረዳ ድጋፉ በትክክል እንዲመረመር ቢፈልግ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮች ማሟላት ይጠበቅበታል። የታሸገ የአመልካቾች ዝርዝር፣ የሁሉም አመልካቾች የመነሻ ገቢና ሥራ መረጃ፣ በአደባባይ የወጣ ዕጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ በዕጣ የተመረጠ በቂ ናሙና በአንደኛውም በአምስተኛውም ዓመት በአካል ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጉብኝት ሼድ የተረከቡትን ብቻ የሚያይ ከሆነ ግን ግማሽ ልኬት ነው። ያላገኙትም ሊጠየቁ ይገባል፤ ድጋፉ ምን እንደ ለወጠ ልናውቅ የምንችለው ከእነርሱ ኑሮ ጋር ስናነጻጽረው ብቻ ነው።